የሥነ ተዋልዶ ጤና አገልግሎት በዩኒቨርሲቲ ግቢ፦ የሰዓትና የምስጢር ጉዳይ

የኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኞቹን የመደበኛ ፕሮግራም ተማሪዎቻቸውን በግቢያቸው ውስጥ የሚያኖሩ፣ የሚመግቡና ሲታመሙም የሚያክሙ ተቋማት ናቸው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናን ያለፈ ወጣት የሚመርጣቸውን ተቋማት በቅደም ተከተል ሞልቶ ቢያቀርብም የሚማርበትን ከተማ በአብዛኛው የሚወስነው የትምህርት ሚኒስቴር ምደባ በመሆኑ ከደብረ ታቦር የተነሣች ልጅ ጅማ፣ ከአርሲ የወጣ ልጅ ጎንደር፣ ከአዲስ አበባ የሄደ ሌላው ደግሞ አርባ ምንጭ ሊደርሰው ይችላል። ይህ ወጣት ሻንጣውን ይዞ በግቢው በር ሲገባ ከወላጆቹ ቤት ይርቃል፤ ከሚያውቀው ጤና ጣቢያ፣ ከሚያውቁት ነርሶችና አንዳንዴም ሕመሙን በልበ ሙሉነት ሊናገርበት ከሚችለው ቋንቋ ጭምር ይርቃል። የዚህ ዲስኩር ርእሰ ጉዳይ በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያለ ተማሪ የወሲብና የሥነ ተዋልዶ ጤና አገልግሎት የሚያገኝበት መንገድ ሲሆን፣ የሚከራከርለትም ሐሳብ በግቢ ውስጥ ይህን አገልግሎት ከመድኃኒትና ከመመሪያ እጥረት ይበልጥ የሚያጎድለው የሰዓትና የምስጢር አለመጠበቅ ነው የሚል ነው።

የሥነ ተዋልዶ ጤና ሲባል የመራቢያ አካላት ከበሽታ ነፃ መሆን ብቻ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 በካይሮ የተካሄደውና 179 አገሮች የተስማሙበት የሕዝብና የልማት ጉባኤ ጽንሰ ሐሳቡን ከመራቢያ አካላትና ከሥራቸው ጋር በተያያዘ ጉዳይ ሁሉ የሚገለጥ የተሟላ አካላዊ፣ አእምሯዊና ማኅበራዊ ደኅንነት አድርጎ ተርጉሞታል፤ ስለዚህ መቼና ስንት ልጅ እንደሚወለድ በነፃነት መወሰን፣ ለዚህ የሚያስፈልገውን መረጃና ዘዴ ማግኘት፣ ከአባላዘር በሽታ መጠበቅና ከጾታዊ ጥቃት መዳን ሁሉም በዚህ ሥር ይወድቃሉ። ኢትዮጵያ ከጉባኤው አንድ ዓመት ቀደም ብላ፣ በ1985 ዓ.ም.፣ ብሔራዊ የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ ያወጣች ሲሆን በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 9 ሴቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት ከሚደርስባቸው ጉዳት ለመጠበቅ የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርት፣ መረጃና አቅም የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ድንጋጌው ያገባችና ያላገባች፣ ተማሪና ሠራተኛ ብሎ አይለይም።

ሕጉ ባይለይም የጤና ሥርዓቱ አወቃቀር ግን ሳያስበው ይለያል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በአገሪቱ የቤተሰብ ምጣኔ ታሪክ ውስጥ ከፍተኛውን ለውጥ ያመጣ ሥራ ሲሆን የተመሠረተውም በቀበሌና በቤተሰብ ላይ ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት እየዞረች እናቶችን ትመዘግባለች፣ ታስተምራለች፣ መከላከያ ትሰጣለች። የዩኒቨርሲቲ ግቢ ግን የቀበሌ ቤት አይደለም፤ አንድ የዶርም ብሎክ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣቶችን ቢይዝም አባወራም እማወራም የሌለበት በመሆኑ ከዚህ የቤት ለቤት ሰንሰለት ውጭ ይቀራል። በአኃዛዊ መረጃም ቢሆን ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት የእርግዝና መከላከያ የሚጠቀሙ ሴቶች ድርሻ እ.ኤ.አ. በ2000 ከነበረበት 8 በመቶ በ2019 ወደ 41 በመቶ ማደጉ በየመድረኩ የሚነገር ስኬት ነው፤ ይህ ቁጥር ግን ያገቡ ሴቶችን ብቻ የሚመለከት በመሆኑ በአብዛኛው ያላገባችውን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አያሳይም። አገር የምትኮራበት አኃዝ ውስጥ ሳትቆጠር የቀረች ተማሪ በዕቅድ ውስጥም ብትዘነጋ አያስደንቅም።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ ዛሬ የመንግሥት የሆኑት ብቻ ከአርባ በላይ ናቸው። ጎንደርንና ጅማን የመሳሰሉ፣ የሕክምና ትምህርት ቤትና የማስተማሪያ ሆስፒታል ያላቸው ነባር ተቋማት የተማሪ ክሊኒካቸው የማይችለውን ጉዳይ አጠገባቸው ላለው ባለሙያ ማስተላለፍ ሲችሉ፣ ከከተማ ወጣ ብለው የተሠሩት አዳዲሶቹ ዩኒቨርሲቲዎች ክሊኒክ ግን ብዙውን ጊዜ በጥቂት ነርሶችና በጤና መኮንን ላይ የቆመ ነው። ክሊኒኩ ሠራተኛውንና በጀቱን ከዩኒቨርሲቲው፣ የሕክምና መመሪያውን ደግሞ ከጤናው ዘርፍ ስለሚያገኝ በሁለት ጌቶች መካከል የቆመ ነው ቢባል ያስኬዳል፤ ዩኒቨርሲቲው ክሊኒኩን እንደ ዶርምና እንደ ካፌ ካሉ የተማሪ አገልግሎቶች ጋር ሲያየው፣ የከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ንብረት ነው ብሎ ይተወዋል።

የአገልግሎቱን ይዘት በተመለከተ በቅድሚያ የሚነሣው የእርግዝና መከላከያ ነው። በየቀኑ የሚዋጥ እንክብል፣ በሦስት ወር አንዴ የሚሰጠውና በተለምዶ ዲፖ የሚባለው መርፌ፣ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበሩት ለሦስት ዓመት የሚያገለግለው ኢምፕላኖንና ለአምስት ዓመት የሚያገለግለው ጃዴል፣ በማኅፀን ውስጥ የሚቀመጠውና ከአሥር ዓመት በላይ ሊያገለግል የሚችለው ባለመዳብ ሉፕ በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ያለ ክፍያ የሚሰጡ ናቸው። ይሁንና በግቢ ሴት ተማሪዎች ዘንድ በስም ይበልጥ የሚታወቀው ከእነዚህ አንዱ ሳይሆን ፖስት ፒል የሚባለው ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ነው። የዚህም ምክንያት የእውቀት ማነስ ብቻ አይደለም። ዲፖ ለመወጋት ካርድ ማውጣት፣ ወረፋ መጠበቅና በየሦስት ወሩ ተመልሶ መምጣት ያስፈልጋል፤ በክንድ የሚቀበረው ዘዴ ደግሞ በእጅ ሲዳሰስ ስለሚታወቅ ለክረምት ቤቷ የምትመለስ ልጅ እናቷ ወይም እኅቷ ታገኝብኛለች ብላ ትፈራለች። ፖስት ፒል ግን ከግቢው በር ወጣ ብሎ ካለ መድኃኒት ቤት ያለ ሐኪም ማዘዣ፣ ስም ሳይመዘገብ፣ በደቂቃ ውስጥ ተገዝቶ በውኃ ይዋጣል። ተማሪዋ በእንክብሉ የምትገዛው ከእርግዝና መጠበቅን ብቻ ሳይሆን ምስጢርንም ነው፤ ይህን ሳይረዱ ተማሪዎች ድንገተኛ መከላከያን አዘወተሩ ብሎ መውቀስ ሐኪሙን ከበሽታው ምክንያት ያርቀዋል።

ስለ እንክብሉ በግቢ ውስጥ የሚወራው ብዙ ነገር የተሳሳተ ስለሆነ አሠራሩን በግልጽ ማስቀመጥ ይገባል። በውስጡ ያለው ሌቮኖርጀስትሬል የተባለ ሆርሞን ሲሆን ሙሉ መጠኑ 1.5 ሚሊግራም ነው፤ የሚሠራውም እንቁላል ከእንቁልጢ የሚወጣበትን ጊዜ በማዘግየት በመሆኑ እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ቢዋጥ የሚሰጠው ጥቅም እጅግ ይቀንሳል፣ የተጀመረ እርግዝናንም አያቋርጥም። ከግንኙነቱ በኋላ በቶሎ በተወሰደ ቁጥር ውጤታማነቱ ይጨምራል፤ በ72 ሰዓት ውስጥ እንዲወሰድ ይመከራል፣ እስከ 120 ሰዓት ድረስ ሊሠራ ቢችልም አቅሙ እየደከመ ይሄዳል። በተዋጠ በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚያስመልስ ከሆነ እንደገና መውሰድ ያስፈልጋል። መሐን ያደርጋል የሚለው ወሬ መሠረት የለውም፤ ደጋግሞ መውሰድ የወር አበባን ቀን ያዛባል እንጂ ማኅፀንን አያበላሽም፣ ነገር ግን እንደ መደበኛ ዘዴ ሲያዙት ከዲፖና ከኢምፕላኖን ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚያመልጥ ደካማ ዘዴ ነው። ከሁሉም በላይ ከኤች አይ ቪም ሆነ ከሌላ የአባላዘር በሽታ ፈጽሞ አይከላከልም።

የሰዓት ጉዳይ ክብደቱ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በብዙ ግቢዎች የመዝናኛው ጊዜ ዓርብ ማታ የሚጀምር ሲሆን የክሊኒኩ ሙሉ አገልግሎት ደግሞ ከሰኞ እስከ ዓርብ በሥራ ሰዓት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ዓርብ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ኮንዶም የተቀደደባት ወይም ሳትፈልግ የተገደደች ተማሪ ቅዳሜና እሑድን በተረኛ ነርስ በኩል ቁስልና ትኩሳት ብቻ በሚታይበት ክሊኒክ ፊት ብታሳልፍ፣ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የካርድ ክፍሉ መስኮት ሲከፈት ሃምሳ ስምንት ሰዓት ተኩል አልፏል። ከዚያ የጠዋት ክፍለ ጊዜ ካላት፣ ወረፋው ረጅም ከሆነና ባለሙያው ለሪፖርት ስብሰባ ከወጣ ሰባ ሁለተኛው ሰዓት ሰኞ ማታ ይሞላል። ይህ ስሌት ለኤች አይ ቪ መከላከያውም እንዲሁ ነው፤ አንድ ሰው ለቫይረሱ ከተጋለጠ በኋላ የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ ጥቅም የለውም፣ ሲጀመርም በየቀኑ ለ28 ቀናት ሳይቋረጥ ይወሰዳል፣ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታትም ከመጨረሻዎቹ ይበልጣሉ። ለእንዲህ ዓይነት መድኃኒቶች የሰኞ-ዓርብ ክሊኒክ ቢኖር የግማሽ ክሊኒክ ያህል ነው።

የምስጢሩ ጉዳይ ደግሞ በዚያው በካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ይታያል። ተማሪዋ መታወቂያዋን በመስኮቱ ታቀብላለች፤ መዝጋቢው ስሟንና የትምህርት ክፍሏን ጮክ ብሎ ያነብባል፣ ከዚያም ምን እንዳመማት ይጠይቃል፣ ከኋላዋ የተሰለፉት ደግሞ የክፍል ጓደኞቿ፣ ጥቂት ራቅ ብለውም በአንድ ዶርም የሚተኙ ልጆች ናቸው። ጥያቄውን በሹክሹክታ ብትመልስ «አልሰማሁም» ይባላል፤ ስለዚህ አብዛኛዎቹ ሆዴን ነው ወይም ጉንፋን ነው ብለው ካርዳቸውን ያወጣሉ፣ ውስጥ ሲገቡም ያንኑ ይደግማሉ፣ የጉንፋን መድኃኒት ይዘው ይመለሳሉ። በትልልቅ ግቢዎች ቢያንስ ሰው ከሰው ይሰወራል፤ በትንንሾቹ ግን ነርሷ የአንድ መምህር ባለቤት፣ መዝጋቢው የዶርም ተቆጣጣሪው (የፕሮክተሩ) ወንድም ሊሆን ስለሚችል የተማሪው ጉዳይ ከክሊኒክ ተነሥቶ እስከ መምህራን ላውንጅ የሚሄድበት መንገድ አጭር ነው። የጤና ባለሙያ የሚገባው ቃል ኪዳንም ሆነ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የሚያረጋግጠው የግል ሕይወት መከበር መብት ይህን ይከለክላል፤ ነገር ግን ምስጢርን የሚጠብቀው አንቀጽ ብቻ ሳይሆን ግድግዳ፣ በርና የመስኮት አቀማመጥም ነው።

ጤና ሚኒስቴር ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባወጣቸው ተከታታይ የአፍላ ወጣቶችና ወጣቶች ጤና ስትራቴጂዎች ውስጥ ለወጣቶች ምቹ የሆነ የጤና አገልግሎት የሚባል አሠራር ተቀምጧል፤ ትርጉሙም ለወጣቱ በሚመች ሰዓት የሚከፈት፣ ምስጢሩን የሚጠብቅ፣ የማይፈርድና የማያሳፍር፣ በሠለጠነ ባለሙያ የሚሰጥ አገልግሎት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበርም በወጣት ማዕከላቱና በክሊኒኮቹ ይህን ዓይነቱን አሠራር ሲያካሂድ ቆይቷል። አሠራሩ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን ብዙ ጊዜ «ለወጣቶች ምቹ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት አንድ ክፍል፣ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ የቼዝ ሰሌዳ ሆኖ ይቀራል። ክፍሉ ያለው በክሊኒኩ መሐል መተላለፊያ ላይ ከሆነ ደግሞ ወደዚያ የገባ ሁሉ ለምን እንደገባ ስለሚታወቅ ከጥቅሙ ማስፈራቱ ያይላል።

የአባላዘር በሽታዎች ነገር በሴትና በወንድ ተማሪዎች ላይ የተለያየ መልክ አለው። ጨብጥ የያዘው ወንድ ሲሸና ያቃጥለዋል፣ መግል ያያል፣ ስለዚህ ሳይወድ በግዱ ወደ ሕክምና ይሄዳል፤ ጨብጥና ክላሚዲያ በሴት ላይ ግን ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳዩ ወደ ማኅፀንና ወደ እንቁላል መተላለፊያ ቱቦ ይወጣሉ፣ ቱቦውንም አጣብቀው ከዓመታት በኋላ ለመካንነት ወይም ከማኅፀን ውጭ ለሚፈጠር እርግዝና ምክንያት ይሆናሉ። በግቢ ክሊኒክ የሚሰጠው ሕክምና ላቦራቶሪ ሳይጠብቅ በምልክት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ለወንዱ ፈጣን መፍትሔ ቢሆንም ምልክት የሌላትን ሴት አያገኛትም፤ የምትገኘው ወንዱ ሲታከም ጓደኛውም እንድትታከም ከተደረገ ብቻ ነው። የግቢ ወንድ ተማሪ ግን ከክሊኒክ ይልቅ በመድኃኒት ቤት በኩል አንቲባዮቲክ ገዝቶ መዋጥ ይቀለዋል፣ ጓደኛውንም ሳይነግር ያልፋል። በሥነ ተዋልዶ ጤና ላይ የሚዘጋጁ ሥልጠናዎችና መድረኮች ብዙ ጊዜ ሴቶችን ብቻ ሰብስበው የሚያስተምሩ በመሆናቸው በሽታውን የሚያስተላልፈው ግማሽ ወገን ከአዳራሹ ውጭ ይቀራል፤ ይህ ከግቢው አሠራር ስሕተቶች ሁሉ በቀላሉ ሊታረም የሚችለው ነው። ኮንዶምም ቢሆን በዶርም መተላለፊያ በካርቶን መቀመጡ ብቻውን አይበቃም፤ ቫዝሊንና የፀጉር ቅባት የላስቲኩን ጥንካሬ በደቂቃዎች ውስጥ እንደሚያደክሙ፣ በኪስ ቦርሳ ለወራት የተያዘ ኮንዶም በሙቀትና በመታሸት እንደሚበላሽ የሚነግር ሰው ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 24 ዓመት ካሉት ወጣቶች ስለ ኤች አይ ቪ የተሟላ እውቀት ያላቸው ሴቶች 24 በመቶ፣ ወንዶች 39 በመቶ ብቻ መሆናቸው በየግቢው ያሉት የፀረ ኤች አይ ቪ ክበባት ሥራቸውን ገና እንዳልጨረሱ ያሳያል።

ጽንስ ማቋረጥን በተመለከተ በግቢ ውስጥ ሁለት የተሳሳቱ እምነቶች ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ አንዱ ፈጽሞ የተከለከለ ነው የሚል፣ ሌላው ሙሉ በሙሉ ተፈቅዷል የሚል ነው። በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣውና ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ ጽንስ ማቋረጥን በመርሕ ደረጃ ይከለክላል፤ በአንቀጽ 551 ግን እርግዝናው በመደፈር ወይም በዘመዳሞች መካከል በተፈጸመ ግንኙነት የመጣ ሲሆን፣ የእናቲቱ ወይም የጽንሱ ሕይወት ወይም የእናቲቱ ጤና አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ ጽንሱ የማይድን ከባድ የአካል ጉድለት ሲኖረው እንዲሁም ነፍሰ ጡሯ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ወይም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ልጅ ለማሳደግ ዝግጁ ሳትሆን ስትቀር በሕክምና ተቋም እንዲፈጸም ይፈቅዳል። የሚቀጥለው አንቀጽ 552 መደፈርን ለማስረዳት የሴቲቱ ቃል ብቻ በቂ ነው ይላል፤ የፖሊስ ወረቀት ወይም የፍርድ ቤት ውሳኔ አይጠየቅም። ጤና ሚኒስቴር በ1998 ዓ.ም. ያወጣው የአፈጻጸም መመሪያም አገልግሎቱ በሠለጠኑ ነርሶችና አዋላጆች ጭምር እንዲሰጥና ስለ ዕድሜዋ የተናገረችው እንዲታመን አድርጓል። ይህን የማያውቅ የግቢ ነርስ «እዚህ እንዲህ ያለ ነገር አይሠራም» ብሎ ሲመልሳት ወደ ሆስፒታል ሪፈር ከመጻፍ ይልቅ ተማሪዋ ወደ ጓዳ አዋቂ እንድትሄድ በር እየከፈተላት መሆኑን ላያስተውል ይችላል። ሕጉ ከመሻሻሉ በፊት ጥንቃቄ የጎደለው ጽንስ ማቋረጥ በኢትዮጵያ ከእናቶች ሞት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ እንደነበረ ማስታወስ የሪፈሩን ወረቀት ክብደት ያሳያል።

ከመደፈር ጋር የተያያዘው አገልግሎት በሰዓትም በምስጢርም ከሁሉ ይበልጥ ጥብቅ መሆን የሚገባው ነው። የተጠቃች ተማሪ በአንድ ጊዜ የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ፣ የኤች አይ ቪ መከላከያ፣ የሌሎች አባላዘር በሽታዎች መድኃኒት፣ የሥነ ልቦና ድጋፍ፣ ከፈለገችም ለሕግ ማስረጃ የሚሆን ምርመራ ያስፈልጋታል። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዳለው ያሉ የአንድ ማዕከል አገልግሎቶች ሐኪሙን፣ ፖሊሱንና ዐቃቤ ሕጉን በአንድ ጣሪያ ሥር ያገናኙት የተጠቃችው ሴት ታሪኳን ከቢሮ ቢሮ እየዞረች እንዳትደግም ነው። በብዙ ግቢ ግን የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ተማሪዋ ለፕሮክተሯ፣ ለግቢው ጥበቃ፣ ለተማሪዎች ዲን፣ ለሥርዓተ ፆታ ቢሮና በመጨረሻም ለክሊኒኩ ስትናገር ሰዓቱ ይሄዳል፣ ምስጢሩም አብሮ ይሄዳል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፤ መጀመሪያ ሕክምና፣ ሌላው ሁሉ ከእርሷ ፈቃድ በኋላ።

መውለድ የመረጠች ተማሪ ጉዳይ ከሁሉም ያነሰ ትኩረት ያገኘ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛ ሴት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ይሰጣል፤ ተማሪ ግን ሠራተኛ ስላልሆነች አዋጁ አይመለከታትም፣ የሚጠብቃትም የትምህርት ማቋረጫ (የዊዝድሮዋል) ቅጽ ነው። የዶርሙ አሠራር ሕፃን ያላትን እናት ታሳቢ ያላደረገ በመሆኑ እየተማረች የወለደች ተማሪ ከግቢ ውጭ ቤት መከራየት ግድ ይሆንባታል፣ ይህን የማትችል ደግሞ ትምህርቷን ትታ ወደ አገሯ ትመለሳለች። ወንዱ ተማሪ በበኩሉ ትምህርቱን ሳያቋርጥ መመረቁ የማንንም ትኩረት አይስብም።

የሥነ ተዋልዶ ጤና አገልግሎትን በግቢ ማስፋፋት ዝሙትን ማበረታታት ነው የሚል ተቃውሞ መኖሩ የታወቀ ሲሆን በንቀት ሊታለፍ የሚገባውም አይደለም። ብዙ ተማሪዎች በግቢ ጉባኤ፣ በጀመዓና በፌሎሺፕ ተሰባስበው ሃይማኖታቸውን የሚኖሩ ናቸው፤ እስከ ጋብቻ መታቀብን የመረጠ ወጣት ምርጫው ሊከበርለት ይገባል፣ ጥሩ ምክር ሰጭም መታቀብን ከመከላከያ መንገዶች ሁሉ አስቀድሞ ይጠቅሳል። ነገር ግን ክሊኒኩ የሚያገለግለው ትናንት ማታ የሆነውን ነገር ይዛ የመጣችውን ተማሪ ነው፤ እርሷን መምከርና ማዳን ለመታቀብ ከሚሰጠው ትምህርት ጋር የሚጣረስበት ምክንያት የለም። ከዚህም ሌላ የሥነ ተዋልዶ ጤና አገልግሎት ከወሲብ ጋር ብቻ የተያያዘ አይደለም። የወር አበባዋ ሲመጣ ከሕመሙ ብዛት ፈተና የሚያመልጣት፣ ውኃ በጠፋበት ዶርም ሞዴስ የምትቀይርበት ንጹሕ ቦታ ያጣች፣ በእብጠት ወይም በማሳከክ ምክንያት ለወራት ዝም ብላ የምትሰቃይ የታቀበች ተማሪም ያው መስኮት ፊት ትቆማለች፣ ያው ጥያቄ ያሳፍራታል፤ ክሊኒክ ስሄድ ብታይ ምን ይሉኛል ብላ ቀርታ ከሆነም ተጎጂዋ እርሷው ናት።

በመልካም ጎኑ አንድ ለውጥ ቀስ በቀስ እየደረሰ ነው። የማኅፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ሲሆን ዋና ምክንያቱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፈው ኤች ፒ ቪ የተባለው ቫይረስ ነው፤ መከላከያ ክትባቱ በአገር አቀፍ ደረጃ መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም. የ14 ዓመት ልጃገረዶችን በማካተት ነው። እነዚያ ልጃገረዶች ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡበትና ያለፉበት ዕድሜ ላይ ናቸው። ከእነርሱ ቀድመው የገቡት ግን ክትባቱን ሳያገኙ ስላለፉ፣ ወደፊት ዕድሜያቸው ሲደርስ ስለሚያደርጉት ቅድመ ምርመራ የሚነግራቸው ሰው ከግቢ ክሊኒክ የተሻለ ቦታ አያገኝም።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ለውጥ አዲስ ሕንፃ የሚጠይቅ አይደለም። ካርድ ክፍሉ ምክንያት ሳይጠይቅ ካርድ እንዲሰጥና ጥያቄው በር በተዘጋበት ክፍል ውስጥ እንዲሆን ማድረግ፣ መዝገቡ በስም ፈንታ በቁጥር እንዲያዝ ማድረግ፣ ቅዳሜና እሑድ በተረኛው ነርስ እጅ የድንገተኛ እርግዝና መከላከያና የመጀመሪያዎቹ ቀናት የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት እንዲቀመጥ ማድረግ፣ ከአቅራቢያው ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ጋር በጽሑፍ የሪፈር ስምምነት መፈራረም፣ ፕሮክተሮችንና የግቢ ጥበቃዎችን ስለ 72ቱ ሰዓት ማሠልጠን በአንድ የትምህርት ዘመን ውስጥ ሊጠናቀቁ የሚችሉ ሥራዎች ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ ምስጢር በማውጣት ላይ የሚወሰደው ርምጃ ይቀድማል፤ የአንድ ተማሪ ጉዳይ ከክሊኒክ ወጥቶ አንድ ጊዜ ከተወራ በኋላ ለዓመታት የሚለጠፍ ማስታወቂያ ሁሉ ዋጋ ስለሌለው የሥነ ምግባር ጉድለቱን የፈጸመው ሠራተኛ ማንም ይሁን ማን በዝምታ መታለፍ የለበትም።

የዩኒቨርሲቲ ቦርዶችና ፕሬዚዳንቶች የሚቀጥለውን ዓመት በጀት ሲያጸድቁ ከተማሪዎች አገልግሎት ዘርፍ የሚቀርበውን የክሊኒክ ዕቅድ ገልጠው የቅዳሜና የእሑድ ተረኛ ባለሙያ ክፍያ በውስጡ መኖሩን ይመልከቱ፤ ከሌለ ዕቅዱን ሳያጸድቁ ይመልሱት።